አባቴ የማለበት ማሳ

አባቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ በሐሰት ማለ፤ የማለውም በእኔ ማሳ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ልወቅሰው አይደለም። ወቀሳውንማ በሕይወት ሳለ አንድም ሳላስቀር ነግሬዋለሁ። የምጽፈው ያኔ ያስደነገጠኝ ነገር ዘንድሮ ዞሮ ስለመጣብኝ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። አባቴንም በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ በዕድሜ ስለበለጥሁት እሱ ብዬ ብጽፈው የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ማሳው የእናቴ ርስት ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ቁልቁል ያለ ጥቁር አፈር ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል ርስት ትካፈላለች፤ እናቴም ከአባቷ የደረሳትን ይዛ ነው አባቴን ያገባችው። ስትሞት ለአባቴ የተናዘዘችው አንድ ነገር ነው። «ማሳው የልጄ ነው፤ ከመዳሯ በፊት ሦስት ዓመት አሳርፍላት» አለችው።

ማሳረፍ መተው አይደለም። መሬት እንደ ሰው ይደክመዋል። ገብሱንና ስንዴውን እያፈራረቁ አርሰውት አርሰውት ፍሬው ሲቀጥን ጦም ያሳድሩታል። ሣር ይለብሳል፣ እሾህ ይወረዋል፣ ከብትና በግ ይግጡበታል፤ የጣሉትንም ፍግ አፈሩ ይጠጣዋል። አላዋቂ ቢያየው ባለቤቱ የሞተበት ይመስለዋል። አዋቂ ግን ጎንበስ ብሎ አፈሩን ይጨብጥና ፈገግ ይላል። አባቴ ያንን ማሳ በየሳምንቱ እየሄደ ይጨብጠው ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ዳረኝ። ጋብቻው የእኩል ነበር፤ የባሌ ወገን አንድ ጥማድ በሬ አቀረበ፣ የእኔ ወገን ያንን ያረፈ ማሳ። በሬዎቹ ማሳውን ሊያርሱ፣ እኔና ባሌም በምርቱ ጎጆ ልንወጣ ሽማግሌ ፊት ተነገረ፣ ዋስም ተጠራ። የእርሻው ወራት እስኪደርስ ድረስ ከአማቶቼ ቤት ተቀመጥሁ። ጣልያን ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽጉን የሠራው በዚያው ሰሞን ነው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ። መሬት ሁሉ ይመዝገብ፣ የታረሰውንም ያልታረሰውንም ሹሙ ራሱ እየዞረ ያየዋል ተባለ። ግብር የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ነገር ግን አባቶቻችን መሬት የሚቆጥር ሰው ባዩ ቁጥር ከግብር ሌላ ነገር አስበው አያውቁም። በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወይራ ሥር ተቀመጡ።

ነገሩን የጀመረው የማሳችን ጎረቤት ነው። ምላሱ የተባ፣ ከማን አንሼ የሚል፣ በሁሉ የሚቀድም ሽማግሌ ነበር። «እንደ አባቶቻችን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?» አለ። «ያረፈውን ሁሉ ጠፍ ነው እንበለው። ጠፍ አይገብርም።»

ጠፍ የምንለው ባለቤቱ ዘሩ ያለቀበትን፣ ማንም የማያርሰውን ባዶ መሬት ነው። ግብር ቆጣሪ በመጣ ቁጥር ያረፈን ማሳ ጠፍ ነው ማለት ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ብልሃት ነው። ቆጣሪው ይሄዳል፤ ጠፉም በማግስቱ ባለቤት ያገኛል። ሁሉም «ይሁን» አሉ። አባቴም «ይሁን» አለ። የእሱ ይሁንታ ከሁሉ ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ድንበር አዋቂው እሱ ነው። ወረቀት አልነበረንም። የማን ማሳ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም የሚታወቀው በአባቴ አፍ ነበር። ወንድማማች ሲጣላ እሱ ተጠርቶ ድንበሩን በእግሩ ይሄዳል፤ የሄደበት ድንበር ይሆናል።

አባቴ በዚያው ሳምንት የማሳዬን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ወሰደ። ድንጋይ የቆመበት መሬት ጠፍ ነው ቢባል ማን ያምናል? የተነቀለበትን ጉድጓድ የሞላሁትና ሣር የበተንሁበት እኔ ነኝ። እየሳቅሁ ነበር። ነጭን ማታለል እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። አንተ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር።

ሹሙ በበቅሎ መጣ። ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ዝም ያለ ሰው ነበር፤ አይቆጣም፣ አይስቅም። ከጎኑ አስተርጓሚው ቆሟል፤ አማርኛው እንደ እኛው የጠራ ጎልማሳ ነው። ያገሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰብስቦ ስለነበር እኔም ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አያለሁ። ሹሙ በጣቱ እያመለከተ ይጠይቃል፣ አባቴ ይመልሳል። ያ የታረሰው የማን ነው? የእገሌ። ቀጥሎ ያለው? የእገሌ። ካረፉት ማሳዎች መጀመሪያ ጣቱ ያረፈው ከኔው ላይ ነው።

«ያ ሣር የለበሰውስ?» አለ አስተርጓሚው።

«የማንም አይደለም ጌታዬ። ጠፍ ነው» አለ አባቴ።

«ባለቤት የለውም?»

«የለውም።»

አስተርጓሚው ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ትንሽ አሰበና መለሰለት። አስተርጓሚው ወደ አባቴ ዞረ። «እንግዲያው ማል» አለው። «ያገሩ ድንበር አዋቂ አንተ ነህ አሉ። በሩን ይዘህ ማል።»

አባቴን በሰው ፊት አንተ ሲለው ሴቶቹ ክው አሉ። እኔን ያደረቀኝ ግን መሐላው ነው። መማል በምክሩ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በፊት የመጣ ቆጣሪ ሁሉ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ ጉርሻውን ይዞ ይሄዳል እንጂ የቤተ ክርስቲያን በር አስይዞ አያውቅም። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አልምልም ቢል ውሸቱ ይወጣል፣ ያረፈውም የአገሩ ማሳ ሁሉ አብሮ ይወጣል። በሩን ያዘ።

«ይህ መሬት ባለቤት የለውም» አለ። «ዋሽቼ እንደሆነ ይህ ታቦት ይፍረድብኝ።»

ሹሙ ያን ጊዜ ሳቀ። ከበቅሎው ወርዶ የአባቴን እጅ ጨበጠ። በሆዴ፣ ግብር የቀረበት ሰው ምን ያስቀዋል አልሁ።

አስተርጓሚው ወረቀት ዘርግቶ አነበበ። ባለቤት ያለው መሬት በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ለጊዜውም ግብር አይጠየቅበትም። ባለቤት የሌለው ግን ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያርሰዋል።

አባቴ በሩን እንደያዘ ነበር። ቀስ ብሎ ለቀቀውና፣ «ጌታዬ፣ እስቲ እንደገና ጠይቁኝ» አለ።

አስተርጓሚው ለሹሙ አልተረጎመለትም። «ምለሃል እኮ» አለው።

«እንደገና ጠይቁኝ በሉልኝ። የልጄ ነው። ያቻትና ቆማለች።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሹሙ ግን በቅሎው ላይ ወጥቶ ጣቱን ወደሚቀጥለው ያረፈ ማሳ ዘርግቶ ነበር። ያ የጎረቤታችን ነው። ያ ምላሰ ስል ሽማግሌ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና፣ «የእኔ ነው፣ የእኔ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀው ሁሉ የእኔ ነው አለ። ያገሩ ጠፍ በሙሉ በአንድ ጊዜ ባለቤት አገኘ። ጠፍ ሆኖ የቀረው የእኔ ብቻ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያኔ የተረት አምሮት አልነበረኝም፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ሻሼን ፈትቼ ጮኽሁ። እንደ ለቅሶ ጮኽሁ። ሰው የሞተ መስሏቸው ከማዶ የመጡም ነበሩ።

ከዚያ የሆነውን አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ለምሽጉ ስንቅ ስንዴ ይዘራ ተባለና በሬ ያለው ሁሉ በግዴታ ወጣ። ከወጡት መካከል የባሌ ወገን ለጋብቻዬ ያቀረበው ጥማድ ነበረበት። በሬዎቹ እንደተባለው ማሳዬን አረሱ። የሚያርሰውም ባሌ ነበር፤ ወታደር ከላዩ ቆሞ። ሦስት ዓመት ያረፈው አፈር ሲገለበጥ ጥቁረቱ ያብረቀርቅ ነበር። በአዝመራው ስንዴው ከደረቴ ደረሰ። እንደዚያ ያለ ስንዴ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። በመኪና ጭነው ወደ ምሽጉ ወሰዱት።

አማቴ ሰው አይበድልም፣ ቃል ግን ይቆጥራል። አንድ ጠዋት ጠርቶኝ፣ «ልጄ፣ ጋብቻው በእኩል ነበር» አለኝ። «የኛ በሬ አለ። የናንተ ማሳ የታል? እስኪመለስ ካባትሽ ቤት ቆዪ።» ባሌ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። እኔም አባቴ ቤት ስገባ እንደ እንግዳ ከደጃፉ ቆሜ፣ «አባዬ፣ ማሳውን ለሰው ሰጥተው ልጅዎን አስመለሱ» አልሁት። ጎታው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀና አላለም።

ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ከዚያው ቤት ኖርሁ። ደግ አልነበርሁም። ውኃ ስሰጠው፣ «ይጠጡ፤ ይህ እንኳ ባለቤት አለው» እለዋለሁ። ተቀብሎኝ ይጠጣል። ድንበር ተጣልተው ሰዎች ሲመጡ ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ለምን እንደሚጠቁር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን የሚታየኝ ማሳዬ ብቻ ነበር።

ጣልያን ወጣ። ከምሽጉ ባንዲራው ወርዷል ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ሮጠ። እኔ ዶማ ይዤ ወደ ማሳዬ ሮጥሁ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ እያልሁ፣ እየሳቅሁም እያለቀስሁም። ከዳገቱ ሆኜ ቁልቁል ሳይ በማሳው ላይ በሬ ቆሟል። ጎረቤታችን እያረሰ ነው።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልሁት።

ሞፈሩን አልለቀቀም። «ጠፍ እያረስሁ ነዋ» አለኝ። «ጠፍ ቀድሞ ላረሰው ነው። ጠፍ መሆኑን አባትሽ በታቦት ፊት ምሎበታል፤ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ዶማው ከእጄ ወደቀ። ምክሩን ያመጣው እሱ ራሱ! ምን ብዬ እንደሰደብሁት እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡት ይሆናል። ግን እየተሳደብሁም አውቄው ነበር። ጣልያኑ ሄዷል፤ መሐላው አልሄደም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጎረቤታችን ተናገረ፣ እኔም ተናገርሁ፤ አባቴ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁሉም በወይራው ሥር ነበሩ። ነገር ግን መሐላን የሚያነሣው የማለው ሰው ብቻ ነው፤ የሚያነሣውም በደጃፉ ቆሞ በሐሰት ምያለሁ ሲል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ለምስክር አይጠራም። ጭራሽ ከመካከላቸው አንዱ አባቴን በሹክሹክታ ለመነው። «ተወው፤ ያገሩ ድንበር በሙሉ በአፍህ የቆመ ነው» አለው። «አንተ ሐሰተኛ ነኝ ካልህ ነገ ማን ማንን ያምናል? ለአንድ ማሳ ብለህ አገር አታፍርስ።» አባቴ በትሩን ይዞ ተነሣና ወደ ቤት ሄደ። እኔም አበቃልኝ አልሁ።

በተከታዩ እሑድ ማለዳ ጎታው ሲንጋደድ ሰማሁ። ተነሥቼ ሳይ አባቴ ከጎታው ሥር ድንጋይ እየሳበ ነው። ለካ የድንበሩን ድንጋይ ያኔ አምጥቶ የጎታ ማስደገፊያ አድርጎት ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት እህል ስቀዳ ጉልበቴን የሚነካኝ እሱ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁትም።

«አባዬ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?» አልሁ።

«ወደ ቦታው ነዋ» አለኝ፤ አንገቱ ላይ አወጣው።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ደም ያፈሰሰ ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አባቴ ድንጋዩን በአንገቱ ይዞ በባዶ እግሩ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ በሩ ላይ ተንበረከከ። «እኔ ሐሰተኛ ነኝ» አለ። «ይህን በር ይዤ በሐሰት ምያለሁ። መሬቱ የሚስቴ ነበር፤ የልጄ ነው። ፍረዱብኝ።» ከሕዝቡ የሚያለቅስ ነበር። ጎረቤታችን ግን ፊቱ አመድ መሰለ፤ የእሱም ድንበር ያረፈው በዚሁ አፍ ላይ ነበርና። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የፈለግሁት ማሳዬን ነው፤ አባቴን እንደዚያ አድርጌ ማየት አልፈለግሁም። ልሮጥና ድንጋዩን ላወርድለት አሰብሁ፤ አልሄድሁም።

ካህኑ ንስሐውን ሰጡት። ድንጋዩን ቁልቁል ተሸክሞ ወርዶ በቦታው ተከለው፤ እስከ ወገቡ ቀበረው። ባሌም በሬዎቹን እየነዳ መጣ። በዚያ ማሳ ሰባት ልጆች አሳድገናል። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድም ድንበር አልተጠራም። ሰዎች ሲጣሉ በደጃችን አልፈው ወደ ሌላ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ እሱ ተቀምጦ ያያቸዋል። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ «ማሳውን አሳርፊው እንጂ ልጄ፤ ደክሞታል» አለኝ። እሺ አልሁት።

አላሳረፍሁትም። አንድም ዓመት አላሳረፍሁትም። እንዴት ብዬ? ንጉሡ ተመልሰው የግብር ቆጣሪ ሲመጣ ጎረቤቶቼ ያንኑ ብልሃት ሊያስተምሩኝ ቢቃጡ አባረርኋቸው፤ ቆጣሪው ሲደርስ ማሳዬ እስከ ድንበሩ ታርሶ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ በገመድ እየለኩ ያልታረሰውን ለሌላው ሰጡ፤ የእኔ ታርሶ ነበር። ሌላ መንግሥት መጥቶ እንደገና ሲያከፋፍል ታርሶ ነበር። በታመምሁ ዓመት ሰው ቀጥሬ አሳረስሁ፤ ባሌ በሞተ ዓመት ከአርባው በፊት አሳረስሁ። ሣር የለበሰ መሬት ባየሁ ቁጥር ያ ሹም ሲስቅ ይታየኛል። ልጆቼ ያሙኛል፤ ቡቃያው ቀጥኗል፣ አንድ ዓመት ብናሳርፈው ምን አለ ይሉኛል። አርሱ እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ ከወረዳ የግብርና ባለሙያ መጣ። ትሑት ልጅ ነው። መዝገብ ይዞ ማሳውን ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ እኔም በምርኩዝ ተከተልሁት። ከአባቴ ድንጋይ አጠገብ ቆመ። እስከ ወገቡ ተቀብሮ የነበረው ድንጋይ አፈሩ ከሥሩ ታጥቦ ሥሩ ወጥቷል፤ በእጅ ቢገፉት ይወድቃል። ልጁ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ጨበጠ። ፈገግ አላለም። በጣቶቹ መካከል ፈስሶ አለቀ፤ ቀይና ጠጠር ነው። ጥቁሩ የት እንደሄደ አላውቅም።

«እማማ፣ ይህን መሬት መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያሳረፉት?» አለኝ።

ምርኩዜን ወደ ሌላው እጄ አዛወርሁ። እሱም መዝገቡን ገለጠ።

«እንግዲህ አይቀየሙኝ፤ አፈሩ አልቋል፤ ከጠፍ መሬት ውስጥ ነው የምጽፈው።»

ድንጋዩን ያዝሁ። አባቴ በሐሰት ማለ ብዬ ስድሳ ዓመት ተናግሬአለሁ፤ እሱ ግን ያንን ቃል ሊያነሣ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። መሬቱን ግን እኔ በየዓመቱ እያረስሁ እሱ ወደ ማለው ወሰድሁት።

«እማማ፣ አመመዎት?» አለኝ ልጁ።

«አይ» አልሁት። «ጻፈው።»